የተደገመ ጥያቄ

ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል ይባላል። ሆኖም የሰው ፊት እሳት ነውና፣ ጀማሪ ሁሉ ደፍሮ አይናገርም። በየዓመቱ ወደ ተውኔት ክበቦቻችን የሚመጡ ወጣቶች አምና የመጡት የጠየቁትን ያንኑ ይጠይቃሉ፦ ተውኔት በግጥም ይጻፋል ወይስ በዝርው? ግጭት ከየት ይጀምራል? ነባሩ ግን ጥያቄው መቶ ጊዜ የተመለሰ ስለሚመስለው ፊቱን ያጠቁራል፤ እንግዳው ደግሞ ይሸማቀቃል። እኔም ፊቴን ካጠቆሩት አንዱ ነኝ። ለመሆኑ አበው ይህን ነገር እንዴት ይዘውት ነበር?

ንባብና ዜማ ተምሮ ወደ ቅኔ ቤት የሚገባው ደቀ መዝሙር ኑሮው ጎጆ፣ ስንቁ ከየደጁ የሚለመን ቁራሽ ነበር። ግሥና አገባብ ያጠናል፤ ከዚያም ባለ ሁለት ቤት በሆነው በጉባኤ ቃና ጀምሮ ደረጃ በደረጃ ባለ ስምንት ቤት እስከሆነው መወድስ ይደርሳል። መምህሩ የእያንዳንዱን ጀማሪ ጥያቄ ብቻውን ልመልስ ቢል ጉባኤው በቆመ ነበር። በመሆኑም ሸክሙ ለበሰሉት ተማሪዎች፣ ለአስነጋሪዎቹም ጭምር ተከፈለ። አምና ጠያቂ የነበረው ዘንድሮ መላሽ ሆነ ማለት ነው። ከዚህም ሁለት ጥቅም ተገኘ፦ የመምህሩ ጊዜ ተረፈ፤ መላሹም ሲያስረዳ የራሱ ዕውቀት ጸና።

ከጠያቂውም የሚፈለግ ወግ ነበር። ተማሪው ቀን ከጓደኞቹ ተለይቶ ቅኔውን ይቆጥራል እንጂ ባዶ እጁን አይቀርብም። ስሕተት እንኳ ቢሆን የደከመበትን ይዞ ይመጣል፤ የሚታረመውም እርሱ ነው።

ይህን ሁሉ ስል ያለፈውን ላስጊጥ አይደለም። በንባብ ቤት አርጩሜ፣ በቅኔ ቤትም የጓደኛ ፌዝ ነበር። በፌዝ ምክንያት አንደበቱ ተዘግቶ የቀረ ባለ ተሰጥኦ ስሙ በታሪክ አይገኝም። ጉዳቱም ይኸው ነው፤ ዝም ያለ ሰው ምስክር አይተውም።

ከሁሉ ይልቅ የሚደንቀኝ ግን የመጻሕፍት ቤቱ ሥርዓት ነው። የአንድምታ መምህራን አንድ ኃይለ ቃል ሲተረጉሙ «ምነው እንዲህ አለ ቢሉ» ብለው ጥያቄውን ራሳቸው ያነሡና መልሱን ያስከትላሉ። ማን እንደ ጠየቀ አይነገርም፤ «ቢሉ» ብቻ ነው። እንደ እኔ ግምት፣ ከየጉባኤው ደጋግሞ የተነሣው ጥያቄ በዚህ አኳኋን ከጠያቂው ኀፍረት ተለይቶ የትምህርቱ አካል ሆነ። በቃል ሲወርድ ሲዋረድ የቆየው ይህ ትርጓሜ በ20ኛው ምእት ዓመት በማተሚያ ቤት ሲታተም «ቢሉ» የሚለው ቃል አብሮ ታተመ። ያ ስሙ ያልታወቀ ጀማሪም ሳይጠፋ እስከ እኛ ደረሰ።

ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር ጉዳዩ በሌላ መልክ መጣ። ብዙውን ጊዜ ጠያቂው ሽማግሌ፣ መላሹ ልጅ እግር ሆነ። ትናንት ያየውን ፊደል ዛሬ «ይህች ማን ነበረች?» ብሎ በልጁ ዕድሜ ያለውን መምህር ለሚጠይቅ አባወራ ኀፍረቱ እጥፍ ነው። እዚያ ላይ አንዲት የመሰልቸት እይታ ደብተር ታሳጥፋለች፤ አንዲት «አባባ፣ እንደገና እንየው» የምትል ቃል ደግሞ ደብተሩን መልሳ ትከፍታለች።

እንግዲህ ከአበው የምንወርሰው አርጩሜውን ሳይሆን ሥርዓቱን ነው። ጀማሪው ሞክሮ ይቅረብ፤ የቀደመው ለተከታዩ ይመልስ፤ የሚደጋገመውም ጥያቄ ከነመልሱ ተጽፎ ይቀመጥ። ጥያቄው ለእኛ መቶኛ ቢሆንም ለጠያቂው የመጀመሪያው ነው። ጠያቂ የሌለው ጥበብ ከሊቃውንቱ ጋር ይቀበራል።