ከአንድ ግንድ የተፈለፈሉ ጥንታዊ የኢትዮጵያ የቤት ዕቃዎች

ከአንድ ግንድ የተፈለፈሉ የቤት ዕቃዎች የሚባሉት ያለ ምስማር፣ ያለ ማጣበቂያና ያለ መጋጠሚያ ከአንድ ወጥ እንጨት ተጠርበው የሚወጡ በርጩማዎች፣ ባለ መደገፊያ ወንበሮችና የእንጨት ትራሶች ናቸው። በኢትዮጵያ ይህ ጥበብ በተለይ በጅማ፣ በከፋ፣ በጉራጌ፣ በሲዳማና በታችኛው የኦሞ ሸለቆ ሕዝቦች ዘንድ ጎልቶ ይታያል። ከሁሉም የታወቀው ሦስት እግር ያለው የጅማ በርጩማ ነው። ጥንታዊዎቹ ዕቃዎች ዛሬ በአዲስ አበባና በጅማ ሙዚየሞች፣ እንዲሁም በአውሮፓ የሕዝብ ባህል ስብስቦች ውስጥ ይገኛሉ። ዕቃዎቹ የተቀመጠባቸውን ሰው ክብር በግልጽ ያሳያሉ፤ የሠሪው ስም ግን ከጥቂቶቹ በቀር አብሯቸው አልተላለፈም። የስብስቦቹ ትልቁ ጉድለትም ይኸው ነው።

ታሪካዊ ዳራ

በአብዛኛው የኢትዮጵያ ክፍል የጥንቱ ቤት በወንበርና በጠረጴዛ የተሞላ አልነበረም። በሰሜኑና በመካከለኛው ደጋ ሰው የሚቀመጠውና የሚተኛው ከግድግዳው ጋር ተያይዞ በጭቃ በተሠራ መደብ ላይ ወይም መሬት ላይ በተነጠፈ ቁርበትና አጎዛ ላይ ነበር። በሐረር ከተማ ቤቶችም ከፍና ዝቅ ብለው የተደለደሉት ነደባዎች የመቀመጫውን ሥራ ስለሚሠሩ ወንበር እምብዛም አላስፈለገም። በዚህ ምክንያት ከእንጨት የተሠራ መቀመጫ በአንድ ቤት ውስጥ ቢበዛ አንድ ወይም ሁለት ነበር፤ እሱም የአባወራው፣ የሽማግሌው ወይም የከበረ እንግዳ ነበር። ታላቅ ሰው ሲገባ «ኖር» ብሎ ከመቀመጫ መነሣት የቆየ ሥርዓት በሆነበት አገር ማን በምን ላይ እንደሚቀመጥ ቀላል ጉዳይ አልነበረም።

ለእንጨት ጥርብ ሥራ ምቹ ሁኔታ ከተፈጠረባቸው ቦታዎች አንዱ በግቤ አካባቢ የነበረው የጅማ መንግሥት ነው። ከእ.ኤ.አ. 1878 እስከ 1932 የገዙት ዳግማዊ አባ ጅፋር ለዳግማዊ ምኒልክ በጊዜ ገብረው ግዛታቸውን ከጦርነት ስላዳኑ ጅማ ለረጅም ዘመን የውስጥ አስተዳደሯን ጠብቃ ቆየች። የንጉሡ መቀመጫ በነበረው በጅሬን ኮረብታ ላይ የተሠራው ቤተ መንግሥት በአብዛኛው የእንጨት ሥራ ነው። ከኮረብታው ግርጌ የነበረው የሂርማታ ገበያ ደግሞ በቡናና በሌሎች ሸቀጦች ንግድ ከሩቅ አገር ነጋዴዎችን ይስብ ነበር። ባለጸጋ ቤተ መንግሥት፣ የደራ ገበያና ጥቅጥቅ ያለ ደን በአንድ ስፍራ መገናኘታቸው የጅማ እንጨት ሥራ ለምን በዝቶና ረቅቆ እንደተገኘ ያስረዳል።

የእንጨቱ ዓይነት

ለበርጩማና ለወንበር በብዛት የተመረጠው ዋንዛ ነው። ዋንዛ ነጭ አበባ የሚያብብ፣ ልጆች ለቅመው የሚበሉት የሚያጣብቅ ፍሬ የሚያፈራ አገር በቀል ዛፍ ነው። በጅማና በአካባቢዋ ለቡና ጥላ ተብሎ ስለሚተው ከገበሬው ማሳ አይጠፋም። የእንጨቱ እምብርት ቀላ ያለ ቡናማ ነው፤ ክብደቱ መጠነኛ፣ ለስለት የሚታዘዝ፣ ከደረቀ በኋላም ቅርጹን በደንብ የሚይዝ ነው። ለከበሮ፣ ለሙቀጫና ለገበታም የሚፈለገው በዚሁ ባሕርዩ ነው። ወይራ እጅግ ጠንካራና ከባድ በመሆኑ ለትንንሽ ዕቃዎችና ለመሣሪያ እጀታዎች ይውላል። ጥድና ዝግባ ቀጥ ብለው ስለሚያድጉ ከሚፈለፈል ዕቃ ይልቅ ለጣውላ፣ ለበርና ለምሰሶ ተስማሚ ናቸው።

አሠራር

ሥራው የሚጀምረው ግንዱ ገና እርጥብ ሳለ ነው። እርጥብ እንጨት ለስለት ይለሰልሳል፤ የደረቀ ዋንዛ ግን ጉልበትም ጊዜም ይበላል። ጠራቢው ከግንዱ በሚፈልገው ከፍታ ልክ አንድ ጉማጅ ይቆርጣል። ከዚያም በመጥረቢያ ዙሪያውን ያወጣል፤ ጉማጁን ገልብጦም የእግሮቹን ቦታ ምልክት ያደርጋል። በእግሮቹ መካከል ያለውን እንጨት ምላጩ አግድም በሆነ መጥረቢያ ጥቂት በጥቂት ፈልፍሎ ያወጣል። ይህ የሥራው አስቸጋሪ ክፍል ነው፤ አንድ የተሳሳተ ምት እግር ከሰበረ የሚቀጠል ነገር የለም፣ ጉማጁ በሙሉ ይበላሻል። የመቀመጫው ጉድጓድ ተፈልፍሎ ካለቀ በኋላ በመሮና በቢላዋ ይስተካከላል። ዕቃው ፀሐይ በማይነካው ቦታ ቀስ ብሎ እንዲደርቅ ይደረጋል፤ በፍጥነት ከደረቀ ይሰነጠቃልና።

ስንጥቅ የዚህ አሠራር ቋሚ ጠላት ነው። እንጨት ሲደርቅ በዕድሜ ቀለበቶቹ ዙሪያ የሚሸበሸበው ከእምብርቱ ወደ ውጭ ከሚሸበሸበው በእጥፍ ገደማ ይበልጣል። እምብርቱን ሳይለቅ የተጠረበ ጉማጅ የሚፈነዳው በዚህ ልዩነት ነው። በብዙ ጥንታዊ መቀመጫዎች ላይ የሚታየው በቀጭን ብረት፣ በሽቦ ወይም በጠፍር የተጠገነ ስንጥቅ ባለቤቱ ዕቃውን ጥሎ ሌላ ከመግዛት ይልቅ ማዳን እንደመረጠ የሚያሳይ ማስረጃ ነው። ጠንቃቃ የሙዚየም ባለሙያ ይህን ጥገና እንደ ጉዳት ሳይሆን እንደ ዕቃው የሕይወት ታሪክ ስለሚቆጥረው አይነካውም።

ዋና ዋና ዓይነቶች

በርጩማ። የጅማ በርጩማ ክብ መቀመጫው እንደ ሳህን ወደ ውስጥ የጎደጎደ፣ ሦስቱ እግሮቹ ከመካከል ተነሥተው ወደ ውጭ የተዘረጉ ነው። ሦስት እግር የተመረጠበት ምክንያት ተግባራዊ ነው፤ ባልተስተካከለ የአፈር ወለል ላይ አራት እግር ያለው ዕቃ ሲናወጥ ሦስት እግር ያለው ሁልጊዜ መሬቱን ይዞ ይቆማል። አንድ ያረጀ በርጩማ ገልብጦ ማየት ብዙ ያስተምራል። የላይኛው ገጽ በዘመናት አቀማመጥ ለስልሶ ያብረቀርቃል፣ ጠርዙም በእጅ ንክኪ ክብ ሆኗል። ከስር ግን ጠራቢው ያላለሰለሳቸው የመጥረቢያ ምቶች አንድ በአንድ ይቆጠራሉ። የምቶቹ ስፋት የምላጩን ስፋት፣ አቅጣጫቸውም ሰውየው ዕቃውን በየትኛው እጁ ይዞ በየትኛው ይመታ እንደነበር ይጠቁማሉ። ስሙ ባይጻፍም እጁ ግን እዚያ ላይ ታትሟል።

ባለ መደገፊያ ወንበር። ከበርጩማ የሚለየው ከመቀመጫው ጀርባ ከፍ ብሎ የሚወጣ መደገፊያ ስላለው ነው። መደገፊያው፣ መቀመጫውና ሦስቱ እግሮች አሁንም አንድ ወጥ እንጨት ናቸው። ይህን ለመሥራት ወንበሩ በቆመበት ከፍታ ልክ የሆነ ትልቅ ግንድ ያስፈልጋል፤ ከዚያም አብዛኛው እንጨት ፍልጥና ፍቅፋቂ ሆኖ ይወገዳል። ይህን ያህል እንጨትና ድካም የሚጠይቅ ወንበር የሹማምንትና የባለጸጎች ዕቃ መሆኑ አያስገርምም። መደገፊያው ላይ በቢላዋ የተቀረጹ ቀጥታ መስመሮች፣ ሦስት ማዕዘኖችና ክቦች ይታያሉ። ይህ ዓይነት በጅማና በጉራጌ አካባቢ በስፋት ይታወቃል።

የእንጨት ትራስ። በቅቤ ተቀብቶና ተሠርቶ የቆመ ፀጉር በእንቅልፍ ጊዜ እንዳይበላሽ አንገትንና የራስን የታችኛውን ክፍል ከፍ አድርጎ የሚይዝ ዕቃ ነው። ከላይ የታጠፈ ማረፊያ፣ ከስር አንድ ወይም ከዚያ በላይ እግርና መቆሚያ አለው። በኦሮሞ፣ በሲዳማ፣ በከፋ፣ በጉራጌና በሌሎችም ሕዝቦች ዘንድ ልዩ ልዩ ቅርጾች አሉት። በታችኛው ኦሞ የሚኖሩ እንደ ሐመር፣ ካሮ፣ ዳሰነችና ኛንጋቶም ያሉ አርብቶ አደር ሕዝቦች ወንዶች ዕቃውን ከእጃቸው ሳይለዩ ይዘውት ይዞራሉ። ሐመሮች ቦርኮቶ ይሉታል። ቀን መቀመጫ፣ ሌሊት ደግሞ በሸክላ አፈር የተሠራውን የፀጉር ጉንጉን የሚጠብቅ ትራስ ነው። የእንጨት ትራስ በጥንታዊት ግብፅም የታወቀ ሲሆን ዛሬም በሶማሌ ሕዝብ ዘንድ ይታወቃል።

ተዛማጅ ዕቃዎች። በሰሜኑና በመካከለኛው አገር የሚሠራው የጠፍር አልጋ ከዚህ ጥበብ ይለያል፤ አራቱ እግሮች በመሮ ተበስተው ዘንጎቹ ይገቡባቸዋል፣ መሐሉም በጥሬ የበሬ ቆዳ ጠፍር ይጠላለፋል። ጠፍሩ እርጥብ ሆኖ ተወጥሮ ሲደርቅ ስለሚኮማተር አልጋውን አጥብቆ ይይዘዋል። በቤተ ክርስቲያን በኩል መንበረ ታቦትና የመጻሕፍት ማስቀመጫ የሆነው አትሮንስ የእንጨት ቅርጻ ቅርጽ ከፍተኛ ደረጃ የደረሰባቸው ናቸው። በላሊበላ ከሚገኙት መንበሮች መካከል የንጉሥ ላሊበላን ስም በግእዝ የያዙ አሉ፤ ይህም በኢትዮጵያ የእንጨት ጥርብ ሥራ ቢያንስ የ800 ዓመት ማስረጃ እንዳለው ያሳያል።

ሠሪዎቹ

የእንጨት ዕቃ በክብር ሲታይ ሠሪው በንቀት ይታይ ነበር። በጉራጌና በአጎራባች አካባቢዎች እንጨት የሚጠርቡ፣ የቤት ምሰሶ የሚያቆሙ ባለሙያዎች «ፉጋ» በሚል የማዋረጃ ስም ተጠርተው መሬት እንዳይዙ፣ ከሌላው ጋር እንዳይጋቡና በአንድ ማዕድ እንዳይቀርቡ ተደርገው ኖረዋል። የጉራጌ ጎጆ የመሐል ምሰሶ ያለ እነሱ እጅ አይቆምም ነበር፤ ሆኖም በዚያው ቤት እንደ እኩል እንግዳ አይስተናገዱም ነበር። በሌሎች የአገሪቱ ክፍሎችም አንጥረኛ፣ ሸክላ ሠሪና ቆዳ ፋቂ ተመሳሳይ ዕጣ ደርሶባቸዋል።

ይህ መገለል በስብስቦች ላይ ጥሎት ያለፈው አሻራ ቀላል አይደለም። ዕቃውን የሸጠው ወይም የሰጠው ብዙውን ጊዜ ባለቤቱ እንጂ ሠሪው አልነበረም። ሰብሳቢው የባለቤቱን ማዕረግ ጠይቆ ይመዘግባል፤ ስለ ጠራቢው የሚጠይቅም የሚነግርም አልነበረም። በዚህም የተነሣ መዝገቦች ላይ «ጅማ»፣ «ጉራጌ»፣ «ሲዳማ» የሚል የቦታ ወይም የሕዝብ ስም ብቻ ሰፍሮ ይገኛል። አንድን ሥራ ለመላው ሕዝብ መስጠት አክብሮት ቢመስልም የአንዱን ሰው ችሎታና ፈጠራ ግን ይሸፍናል።

በስብስቦች ውስጥ

በአገር ውስጥ ትልቁ ስብስብ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ይገኛል። ተቋሙ እ.ኤ.አ. በ1963 ሲመሠረት የመጀመሪያው ዳይሬክተር ሪቻርድ ፓንክረስት ነበሩ፤ ለሙዚየሙ መደራጀት ስታኒስላቭ ሆይናትስኪ ከፍተኛ ድርሻ አበርክተዋል። ሙዚየሙ ያረፈው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ለዩኒቨርሲቲው በሰጡት የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ውስጥ ነው። የባህል ዕቃዎቹ በሕዝብ ወይም በክልል ሳይሆን በሰው ልጅ የሕይወት ጉዞ ቅደም ተከተል፣ ከልጅነት እስከ ሞት፣ መደርደራቸው አንድ መቀመጫ በማን ሕይወት ውስጥ ምን ቦታ እንደነበረው ለመረዳት ይረዳል። የጅማ ሙዚየም የአባ ጅፋርን መገልገያዎች ይዟል። በብሔራዊ ሙዚየም የሚታየው ትልቁ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የእንጨት ዙፋን ደግሞ ከባለ መደገፊያው ወንበር ጋር ለማነጻጸር ይጠቅማል፤ ሁለቱም የሥልጣን መቀመጫ ቢሆኑም ዙፋኑ ተገጣጥሞ የተሠራ፣ የተፈለፈለው ወንበር ግን አንድ ወጥ ነው።

በውጭ አገር ያሉ ስብስቦች በአብዛኛው የተገነቡት በጥናት ጉዞዎች ነው። ኦስትሪያዊው ፍሪድሪኽ ቢበር በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ወደ ከፋ ተጉዞ ስለ ሕዝቡ ሰፊ ጥናት አዘጋጅቷል፤ የሰበሰባቸው ዕቃዎችም በቪየና ይገኛሉ። ከእ.ኤ.አ. 1931 እስከ 1933 በማርሴል ግሪዮል የተመራው የዳካር–ጅቡቲ ተልዕኮ በጎንደር ለወራት ቆይቷል፤ በጉዞው በሙሉ የሰበሰባቸው ከ3,000 በላይ ዕቃዎች ወደ ፓሪስ ተወስደዋል። ዛሬ የፍሮቤኒየስ ተቋም በመባል የሚታወቀው የጀርመን የምርምር ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1934–35 እና በ1950ዎቹ ወደ ደቡብ ኢትዮጵያ ያደረጋቸው ጉዞዎች በፍራንክፈርት ለሚገኘው የኢትዮጵያ ስብስብ መሠረት ሆነዋል።

ዕድሜና እውነተኛነት

የጥንት በርጩማና ትራስ ገበያ እየሰፋ ሲሄድ አዲስ ዕቃ አሮጌ አስመስሎ መሸጥም በዝቷል። እውነተኛ አሮጌ ዕቃ የሚለየው በአንድ ምልክት ሳይሆን በምልክቶች መስማማት ነው። አካል የሚነካው ቦታ ለስልሶ የማይነካው ሸካራ መሆን አለበት፤ ሁሉም ቦታ እኩል ከለሰለሰና እኩል ከጠቆረ ጥርጣሬ ያስነሣል። የእግሮቹ ጫፎች እኩል አያልቁም። የትራስ ማረፊያ ከፀጉር የወረደ ቅቤ ጠጥቶ በእንጨቱ ውስጥ የሰረገ ጥልቅ ቀለም ይኖረዋል፤ በጫማ ቀለም የተቀባው ግን ከላይ ብቻ ይቀመጣል። ጭስ የበላው እንጨት ጥቁረቱ ስንጥቁ ውስጥ ድረስ ይዘልቃል።

ጥበቃና ሕግ

የእንጨት ዕቃ ጠላቶች ምስጥ፣ እንጨት የሚበሱ ጥንዚዛዎች፣ የእርጥበት መለዋወጥና ከልክ ያለፈ ማጽዳት ናቸው። ሙዚየሞች ነፍሳትን ለመግደል ከመርዝ ይልቅ ዕቃውን በሚገባ ጠቅልለው ከዜሮ በታች 20 ዲግሪና ከዚያም በላይ ቅዝቃዜ ውስጥ ለቀናት ማቆየትን ወይም ኦክስጅን ማሳጣትን ይመርጣሉ። ቫርኒሽ መቀባትና በሳሙና ማጠብ የዘመናትን ቅቤ፣ ጭስና የእጅ ንክኪ ስለሚያጠፋ አይፈቀድም።

በሕግ በኩል የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣትን ይከለክላል። በዛፉ በኩል ደግሞ አዋጅ ቁጥር 94/1986 ዋንዛን፣ ኮሶን፣ ዝግባንና ጥድን ከተፈጥሮ ደኖች መቁረጥን ከልክሎ ነበር። እንዲህ ያለ ሕግ ዛፉን ለማዳን አስፈላጊ ነው፤ ከገበሬው ማሳ የሚገኘው ዋንዛ ግን ጥበቡ እንዲቀጥል የሚያስፈልገው ጥሬ ዕቃ ነውና ዛፉን እየተከሉ መጠቀም ለደኑም ለጠራቢውም ብቸኛው ዘላቂ መንገድ ነው።

ጥበቡ ዛሬም አልሞተም። በጅማ ገበያ አዳዲስ በርጩማዎች ይሸጣሉ። ቡና የምታፈላ ሴት ረከቦቷ አጠገብ የምትቀመጥበት አነስተኛ በርጩማ በከተማም በገጠርም አለ፤ በዋሽንግተንና በሌሎች የአሜሪካ ከተሞች ባሉ የኢትዮጵያ ምግብ ቤቶችም ከመሶብ ጋር ይታያል። ስለዚህ ያለፈው የምዝገባ ጉድለት ወደፊት ሊደገም አይገባም። ማንኛውም ሙዚየም ወይም ሰብሳቢ አዲስ ዕቃ ሲቀበል የዛፉን ዓይነት፣ የተሠራበትን ቀበሌ፣ ዕቃው በአካባቢው ቋንቋ የሚጠራበትን ስም፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የጠራቢውን ሙሉ ስም መጻፍ ይኖርበታል። በጥንቶቹ ዕቃዎች ላይ የቀረው የመጥረቢያ ምት ብቻ ነው፤ በሕይወት ያሉትን ጠራቢዎች ግን ስማቸውን ጠይቆ መመዝገብ ዛሬም ይቻላል።