አንድ ፊልም በስንት ቅጂ ይድናል?

የዛሬው ረዘም ስለሚል ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት። (ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ስለ ሁለት ፊልሞች ላወራ ነው። ሁለቱም የሁለት ወንዶችን ፍቅር የሚተርኩ ናቸው፤ በመካከላቸው 92 ዓመት አለ። ከወዲሁ ኮሜንት ልትጽፉ እጃችሁን ያሟሟቃችሁ እንዳላችሁ አውቃለሁ። እስከ መጨረሻው አንብቡልኝና ከዚያ እንከራከራለን። እኔ የማነሣው የታሪክ ጥያቄ ነው፦ አንዱ ለምን ጠፋ? ሌላው ለምን ተረፈ?

የመጀመሪያው ጀርመን ውስጥ በ1919 የወጣው «ከሌሎቹ የተለየ» ነው። ዳይሬክተሩ ሪቻርድ ኦስዋልድ ሲሆን ሐኪሙ ማግኑስ ሂርሽፌልድ አብሮት ጽፏል። አንድ ቫዮሊን ተጫዋች ተማሪውን ይወዳል፤ ይህን ያወቀ ሰው ገንዘብ አምጣ እያለ ያስፈራራዋል፤ ነገሩ ፍርድ ቤት ይደርስና ሰውዬው ራሱን ያጠፋል። ፊልሙ ዓላማውን አልደበቀም። የወንዶችን ግንኙነት ወንጀል ያደረገው አንቀጽ 175 ይሰረዝ ነው የሚለው።

ያኔ ሳንሱር ተነሥቶ ስለነበር ፊልሙ ለሕዝብ ታየ። በ1920 ግን ሳንሱሩ ተመለሰና ከሐኪሞችና ከተመራማሪዎች በቀር ማንም እንዳያየው ተከለከለ። በ1933 ናዚዎች ሥልጣን ሲይዙ የሂርሽፌልድን ተቋም ዘረፉ፣ መጻሕፍቱን አደባባይ አውጥተው አቃጠሉ። የፊልሙም ቅጂዎች ጠፉ። ዛሬ በእጃችን ያለው ቁርጥራጭ ነው፤ እሱም የተረፈው ሂርሽፌልድ በ1927 በሌላ ፊልም ውስጥ ስላስገባው ነው። ሙሉው የለም።

ልብ በሉ፣ የዚያን ጊዜ ፊልም ከባድ ጥቅልል ነው፣ እሳትም ቶሎ ይይዘዋል። ተራ ሰው ገዝቶ ቁምሳጥኑ ውስጥ አያስቀምጠውም። ቅጂው በጥቂት እጆች ብቻ ስለሚገኝ እነዚያን እጆች የያዘ መንግሥት ፊልሙንም ያዘ ማለት ነው።

ይህን የለወጠው ቪዲዮ ነው። ሶኒ ቤታማክስን በ1975፣ ጄቪሲ ደግሞ ቪኤችኤስን በ1976 አወጡ። የፊልም ኩባንያዎች ተቆጥተው ከሰሱ፤ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ግን በ1984 የቴሌቪዥን ፕሮግራምን ቤት ውስጥ ቀድቶ ቆይቶ ማየት ሕጋዊ ነው ብሎ 5 ለ 4 በሆነ ድምፅ ወሰነ። በዓመቱ ኬቲ ዎልፍ የምትባል ሴት ካሊፎርኒያ ውስጥ የተመሳሳይ ጾታ ፍቅርን የሚመለከቱ ፊልሞችን የሚያከፋፍል ዎልፍ ቪዲዮ የተባለ ድርጅት አቋቋመች። ካሴቱ በፖስታ ቤት ድረስ ይመጣል። ትንሽ ከተማ ላለ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። ሲኒማ ቤት በር ላይ ተሰልፎ ጎረቤት ሳያየው፣ በሩን ዘግቶ፣ መጋረጃውን ጋርዶ ማየት ቻለ።

አሁን ወደ ሁለተኛው ፊልም እንምጣ፦ የእንግሊዛዊው አንድሩ ሄይ «ዊኬንድ»፣ 2011። ቦታው ኖቲንግሃም ነው። ራስል የመዋኛ ገንዳ ጠባቂ ነው፣ ግሌን ደግሞ ሠዓሊ ቢጤ። ዓርብ ማታ ይገናኛሉ፤ እሑድ ግሌን ወደ አሜሪካ ሊሄድ ነው። በቃ፣ ታሪኩ ይኸው ነው። የሚያስፈራራ የለም፣ ራሱን የሚያጠፋ የለም። ሁለት ሰዎች አንድ ጠባብ አፓርታማ ውስጥ ያወራሉ፣ ይከራከራሉ፣ ይዋደዳሉ፣ ባቡር ጣቢያ ላይ ይለያያሉ። ግሌን ራስልን ስለ መጀመሪያ ሌሊታቸው በመቅጃ አናግሮት ነበር፤ ሲሄድ ቅጂውን ለእሱ ይተውለታል።

በነሐሴ 2012 ክራይቴሪየን ፊልሙን በዲቪዲና በብሉ-ሬይ አወጣው። ክራይቴሪየን የኩሮሳዋንና የበርግማንን ሥራዎች የሚያወጣ ቤት ነው፤ እዚያ መደርደሪያ ላይ መግባት ራሱ ትርጉም አለው። በ2016 ፊልሙ ጣሊያን ሲኒማ ቤቶች ሲደርስ የካቶሊክ ጳጳሳት ጉባኤ የፊልም ኮሚሽን «የማይመከር» ብሎ መደበው። እዚያ አገር ብዙዎቹ አነስተኛ ሲኒማ ቤቶች የቤተ ክርስቲያን ስለሆኑ ፊልሙን ያሳዩት ወደ 10 የሚጠጉ አዳራሾች ብቻ ነበሩ። ዲስኩ ግን ከወጣ ከሦስት ዓመት በላይ ሆኖታል! በየሰዉ ቤት ከገባ በኋላ እንደ 1933ቱ ለቅሞ ማጥፋት አይቻልም።

እኛ ይህን ነገር ከማንም በላይ ልንረዳው ይገባል። መጽሐፈ ሄኖክ ሙሉውን የተገኘው በግዕዝ ብቻ ነው፤ ለምን ቢባል የእኛ ጸሐፊዎች በየገዳሙ ስለገለበጡት። ይዘታቸውን እያመሳሰልኩ አይደለም፣ አደራ። የማወራው ስለ ቅጂ ነው። በብዙ ቤት ያለ ነገር ይተርፋል።

የሚያሳስበኝ የዛሬው ነው። አሁን ሁሉም ነገር በኢንተርኔት በኪራይ ሆኗል። ከኩባንያው ሰርቨር ላይ ሲወርድ በእኛ እጅ ምንም አይቀርም። እንግዲህ ቅጂው እንደገና በጥቂት እጆች ገባ ማለት ነው፣ ልክ እንደ 1919። ፊልሙን ብትወዱትም ብትጠሉትም፣ ነገ ሰው አይቶ ራሱ እንዲፈርድ መጀመሪያ መኖር አለበት።

እስቲ እናንተስ ምን ትላላችሁ? ቤታችሁ መደርደሪያ ላይ የቀረ ካሴት ወይም ዲስክ አለ? በጨዋነት እንወያይ። መልካም ሰንበት!