ሁለት ንጉሠ ነገሥታት በተውሶ ስም፦ ዳግማዊ አፄ ቴዎድሮስና ናፖሊዮን ሦስተኛ



ከዚህ ከጳውሎስ ተነሥቶ በፒያሳ በኩል ወደ ቸርችል ጎዳና የሚወርድ ሰው ቴዎድሮስ አደባባይ ላይ የሴባስቶፖልን ምስል ያገኛል። ብዙዎቻችሁ በታክሲ መስኮት ሳታዩት የምትውሉ አይመስለኝም። መድፉ በጋፋት እንደ ተሠራ፣ ሰባት ቶን ያህል እንደሚመዝን፣ እስከ መቅደላ በሰው ጉልበት እንደ ተጎተተ ሁላችን ተምረናል። ስሙ ከየት እንደ መጣ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ሴባስቶፖል በክራይሚያ የነበረ የሩሲያ ምሽግ ነው፤ አሥራ አንድ ወር ያህል ከተከበበ በኋላ በ1855 ወደቀ። (ለማነጻጸር እንዲያመች ዓመታቱን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር እጠራለሁ።) ምሽጉን ከከበቡት ኃይሎች አንዱን ያዘመቱት የፈረንሳዩ ንጉሠ ነገሥት ናፖሊዮን ሦስተኛ ነበሩ። በዚያው ዓመት በየካቲት ወር ደግሞ ካሣ ኃይሉ በደረስጌ ማርያም በአቡነ ሰላማ እጅ ተቀብተው ቴዎድሮስ ተባሉ።

አፄ ቴዎድሮስን ከናፖሊዮን ጋር ማነጻጸር የቆየ ልማድ ነው። ዘወትር የሚነጻጸሩት ግን ከመጀመሪያው ናፖሊዮን ጋር ነው፤ ሁለቱም ከዝቅተኛ ስፍራ ተነሥተው በጦር ሜዳ የነገሡ ናቸውና። ይህ ማነጻጸር ያሞግሳል እንጂ ብዙ አያስረዳም። የመጀመሪያው ናፖሊዮን የሞቱት በ1821፣ ካሣ ገና የሕፃንነት ዕድሜ ላይ ሳሉ ነው። አፄ ቴዎድሮስ ደብዳቤ የጻፉላቸውና መልሳቸውን የጠበቁት ናፖሊዮን የወንድማቸው ልጅ ሦስተኛው ናቸው። አንድ ነገር አስቀድሜ ልናገር፦ የራሳችንን ንጉሥ «አንቱ»፣ የባዕዱን «አንተ» ማለት ልማዳችን ነው፤ እኔ ዛሬ ለሁለቱም አንቱታ እሰጣለሁ።

ሁለቱም በተውሶ ስም የነገሡ ናቸው። ሉዊ ናፖሊዮን ሁለት ጊዜ መንግሥት ለመገልበጥ ሞክረው ያልተሳካላቸው፣ በሃም ምሽግ ስድስት ዓመት ያህል ታስረው በ1846 የግንበኛ ልብስ ለብሰው ያመለጡ ሰው ነበሩ። በታኅሣሥ 1848 ለፕሬዚዳንትነት ሲወዳደሩ ግን ከአምስት ሚሊዮን በላይ ድምፅ፣ ማለትም ከመራጩ ሦስት አራተኛ ያህሉን አገኙ። ገበሬው የመረጠው ሰውዬውን አልነበረም፤ የአጎታቸውን ስም ነበር። በ1851 መፈንቅለ መንግሥት አድርገው በዓመቱ ንጉሠ ነገሥት ተባሉ። ካሣም በበኩላቸው የመረጡት ስም ሕዝቡ አስቀድሞ ሲጠብቀው የኖረ ስም ነው። ፍካሬ ኢየሱስ ከመከራ ዘመን በኋላ ቴዎድሮስ የሚባል ጻድቅ ንጉሥ እንደሚነግሥ ይናገራል። ለአንዱ ያለፈ ክብር፣ ለሌላው የሚመጣ ተስፋ ስንቅ ሆነላቸው። እንዲህ ያለ ስም ዕዳ ነው፤ ሕዝቡ የሚጠብቀው ንጉሥ ሳይሆን ተአምር ይሆናል።

የካሣን አነሣሥ ታውቁታላችሁ፤ በአጭሩ አልፈዋለሁ። ባላንጣዎቻቸው «የኮሶ ሻጭ ልጅ» ይሏቸው ነበር። ኮሶ ምን እንደሚያክም በዚህ አዳራሽ ማስረዳት አያስፈልገኝም፤ ስድቡ ሲተነተን እናታቸው መድኃኒት ነጋዴ ነበሩ ማለት ነው። በ1848 በደባርቂ በግብፅ መድፍ ተመቱ፤ የመድፍ ፍቅራቸው የተጸነሰው በዚያ ሽንፈት ነው ብዬ አምናለሁ። ከዚያ በኋላ በ1852 በጉር አምባ ደጃዝማች ጎሹን፣ በ1853 በአይሻል ራስ አሊን፣ በ1855 በደረስጌ ደጃዝማች ውቤን ድል አደረጉ። የዘመነ መሳፍንት መዝጊያ የሚባለው ይህ ነው።

ዋናው ጥያቄ ከዚህ በኋላ ይጀምራል፦ ድል ያደረገው ሠራዊት ምን ይበላል? እስከዚያ ዘመን ወታደር በገበሬ ቤት እየሰፈረ የገበሬውን እህልና ከብት ይበላ ነበር። አፄ ቴዎድሮስ ይህን ለማስቀረት፣ ለወታደሩ ደመወዝ ለመክፈል አሰቡ። ደመወዝ ግብር ይፈልጋል፤ ግብር መሬት ይፈልጋል፤ ከመሬቱ ብዙው በቤተ ክህነት እጅ ነበር። በ1856 ለእያንዳንዱ ቤተ ክርስቲያን ሁለት ቄስና ሦስት ዲያቆን ይበቃዋል፣ የተረፈው መሬት ግብር ይክፈል የሚል ሐሳብ ለካህናቱ አቀረቡ። ካህናቱ እንቢ አሉ። በ1860 ንጉሡ በኃይል አደረጉት፤ በዚያው ልክ የቀባቸውን እጅ አጡ። አቡነ ሰላማ በ1864 በመቅደላ ታሰሩ፤ በ1867 እዚያው ዐረፉ።

ናፖሊዮን ሦስተኛ እንዲህ ያለ ጭንቀት አልነበረባቸውም። ግብር የሚሰበስብ ቢሮ፣ የሚያበድር ባንክ፣ ሠራዊት የሚያመላልስ ባቡር ከፊታቸው በነበሩት መንግሥታት ተጀምሮ ጠበቃቸው፤ እሳቸው አስፋፉት። ኦስማን የተባሉት ሹማቸው ፓሪስን አፍርሰው ሲሠሩ፣ አፄ ቴዎድሮስ ለመንገድ ሥራ በገዛ እጃቸው ድንጋይ ያነሡ ነበር። ይህን የምናወሳው ለትሕትናቸው ምስክር አድርገን ነው። እኔ የምሰማበት ሌላ ነገርም አለ፦ ንጉሡ ራሳቸው ድንጋይ ካላነሡ የሚያነሣ መሥሪያ ቤት አልነበረም።

ሁለቱ ነገሥታት የተገናኙት በ1862 እና በ1863 በደብዳቤ ነው። አፄ ቴዎድሮስ ወዳጅነትና የእጅ ጥበብ ባለሙያ ፈልገው ለንግሥት ቪክቶሪያም ለናፖሊዮንም ጻፉ። የለንደኑ ደብዳቤ መልስ ሳያገኝ መዝገብ ቤት ተኛ። ወደ ፓሪስ የሄደው ባርዴል የተባለው ፈረንሳዊ መልስ ይዞ ተመለሰ፤ ይሁንና መልሱ የተጻፈው በንጉሠ ነገሥቱ ሳይሆን በውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ነበር። ንጉሥ ለንጉሥ ጽፎ የሹም መልስ ሲደርሰው ምን እንደሚሰማው ለኢትዮጵያ አንባቢ ማብራሪያ አያሻውም። የፈረንሳዩ ቆንስል ጊዮም ሌዣን ለአጭር ጊዜ በሰንሰለት ታስረው ከቆዩ በኋላ በ1863 ከአገር ተባረሩ። የእንግሊዙ ቆንስል ካሜሮን በጃንዋሪ 1864 ታሰሩ። ፈረንሳይ ነገሩን ንቃ ተወችው፤ እንግሊዝ በ1868 በጄኔራል ናፒየር የሚመራ ከ12 ሺሕ በላይ ወታደርና 44 ዝሆን ላከች።

ያ ጦር ከባሕር ዳርቻ እስከ መቅደላ የሚከለክለው አላገኘም፤ የትግራዩ ካሣ ምርጫ መንገድና ስንቅ ፈቀዱለት። በስቅለት ዕለት፣ ኤፕሪል 10፣ በአሮጌ ሜዳ በተደረገው ውጊያ በመቶዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ሲወድቁ ከእንግሊዝ ወገን የሞቱት ሁለት ብቻ ናቸው። ሴባስቶፖል በዚያ ጦርነት አልጠቀመም። በፋሲካ ማግስት፣ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ ንጉሡ ከንግሥት ቪክቶሪያ በተበረከተላቸው ሽጉጥ ራሳቸውን ገደሉ።

እናንተ የሕክምና ሰዎች እንደመሆናችሁ እዚህ ላይ ልቆይ። ንግሥት ተዋበች በ1858 ከሞቱ በኋላ ንጉሡ «አበዱ» የሚል አነጋገር በመጻሕፍትም በተውኔትም ሰፍኗል። ንጉሡ ጎንደርን መዝረፋቸውን፣ በመጨረሻዎቹ ቀናት እስረኞችን በገደል ማስወርወራቸውን አልክድም፤ ማንም ሊክድ አይገባውም። ስለ አእምሯቸው በሰፊው ከጻፉልን አንዱ ዶክተር ሄንሪ ብላንክ ግን ሐኪም ቢሆኑም እስረኛም ነበሩ። በእስረኛ የተጻፈ የአሳሪው የሕክምና መዝገብ ምን ያህል እንደሚታመን ፍርዱን ለእናንተ እተዋለሁ። ይልቅስ ሊመረመር የሚችል በሽታ በ1866 በሰፈራቸው ገብቶ ነበር፦ በጣና ዳር በቆራጣ የሰፈረውን ሠራዊት ኮሌራ መታው፤ ንጉሡ ሰፈሩን ነቅለው ወደ ደብረ ታቦር ሄዱ። ደመወዝ ያልተከፈለው፣ የተራበና የታመመ ሠራዊት ሲበተን ለማስረዳት የንጉሡን እብደት መጥራት አያስፈልግም።

የናፖሊዮን ሕመም ግን በሰነድ የተረጋገጠ ነው። የፊኛ ጠጠር ነበረባቸው። ጦርነቱ በጁላይ 1870 ከመታወጁ ጥቂት ቀደም ብሎ ሐኪሞች መርምረዋቸው ነበር። በሴዳን በፈረስ ላይ መቀመጥ ስቃይ ሆኖባቸው ዋሉ፤ በሴፕቴምበር 2 ከመቶ ሺሕ ያህል ወታደር ጋር ተማረኩ። በጃንዋሪ 1873 በእንግሊዝ አገር በስደት ሳሉ ጠጠሩን ለመስበር በሚደረግ ተደጋጋሚ ቀዶ ሕክምና መካከል ሞቱ። ይህ ሁሉ ተረጋግጦም የፈረንሳይ ታሪክ ጸሐፊዎች የግዛቱን ውድቀት በጠጠሩ አያመካኙም፤ የሜክሲኮን ዘመቻ፣ የፕሩሲያን መድፍ፣ የጄኔራሎቹን ዝርክርክነት ይቆጥራሉ። ለእነርሱ ንጉሥ ምክንያትን፣ ለእኛ ንጉሥ ሕመምን የምንሰጥበት ሚዛን ትክክል አይመስለኝም። ተማሪዎቼም ይህን ሲጽፉ ቀይ ብዕሬን አነሣለሁ።

ሌላም ልዩነት አለ። ፓሪስ የሴዳንን ወሬ ሰምታ በሁለት ቀን ውስጥ ሪፐብሊክ አወጀች፤ ንጉሠ ነገሥቱ ሲሄዱ ቢሮዎቹ ቀሩ። በመቅደላ የቀረው ቃጠሎ ነው። ብራናዎቹና ንዋየ ቅድሳቱ በ15 ዝሆንና በሁለት መቶ ገደማ በቅሎ ተጭነው ደላንታ ላይ በሐራጅ ተሸጡ፤ 350 ያህል ብራናዎች ለንደን ገቡ።

የሁለቱም ልጆች እንግሊዝ አገር አደጉ። የናፖሊዮን ልጅ በዉሊች፣ ልዑል ዓለማየሁ በሳንድኸርስት የጦር ትምህርት ቤት ገቡ። የመጀመሪያው በጁን 1879 የእንግሊዝን ልብስ ለብሶ በዙሉ ምድር በጦር ተወግቶ በ23 ዓመቱ ሞተ። ዓለማየሁ በኖቬምበር በዚያው ዓመት በሊድስ ከተማ በ18 ዓመቱ ዐረፈ። በዊንዘር የቅዱስ ጊዮርጊስ ጸሎት ቤት የሁለቱም መታሰቢያ አለ፤ የፈረንሳዩ በእብነ በረድ የተቀረጸ ሐውልት ነው፣ የእኛው ግድግዳ ላይ የተለጠፈ የናስ ጽሑፍ ነው። እቴጌ ዩጂኒ ልጃቸው የወደቀበትን ስፍራ ለማየት እስከ ዙሉ ምድር ተጓዙ፤ በ1888 የባላቸውንና የልጃቸውን አስከሬን ባሠሩት ቤተ ክርስቲያን በአንድነት አሳረፉ። የዓለማየሁ እናት እቴጌ ጥሩወርቅ ከመቅደላ ሲወርዱ በመንገድ ሞተው በጨለቆት ተቀብረዋል። የልጁ አጽም ወደ አገሩ ይመለስ የሚለው ጥያቄ በ2023 ዳግም ሲቀርብ፣ ቤተ መንግሥቱ በዙሪያው ያረፉትን ሌሎች ሳይነካ ማውጣት አይቻልም ብሎ መለሰ።

ጥያቄዎቻችሁን እቀበላለሁ።