የፀጉር ሥር ዑደት

የፀጉር ሥር ዑደት በቆዳ ውስጥ ያለው የፀጉር ማብቀያ የሚያድግበት፣ የሚኮማተርበትና የሚያርፍበት ተደጋጋሚ ሂደት ነው። በሰው ራስ ላይ 100,000 ያህል ሥሮች አሉ፤ እያንዳንዱ የራሱን ጊዜ ስለሚከተል ፀጉር ሁሉ ባንዴ አይረግፍም። እድገቱ ከ2 እስከ 6 ዓመት፣ መኮማተሩ ከ2 እስከ 3 ሳምንት፣ ዕረፍቱ 3 ወር ገደማ ይፈጃል።

ዑደቱን የሚመሩት ህዋሳት እርስ በርስ የሚላላኳቸው ፕሮቲኖች ናቸው። ዊንት የተባለው መልእክት ሲበረታና አጋጁ ቢኤምፒ ሲደክም ያንቀላፉት ግንደ ህዋሳት ይነቃሉ፣ አዲስ ፀጉርም ይበቅላል። የእድገቱን ማብቂያ የሚያውጀው ኤፍጂኤፍ 5 ነው፤ ቲጂኤፍ ቤታ ደግሞ የሥሩ ህዋሳት ራሳቸውን እንዲያጠፉ ይገፋል። ኤፍጂኤፍ 5 የጎደለው በግ ወይም ድመት ፀጉሩ ከወገኖቹ ይረዝማል።

ይህ ሥርዓት የረሃብ ጉዳት ፈጥኖ ይታይበታል። ፕሮቲን ለረጅም ጊዜ ሲጎድል ሥሩ ይቀጥናል፤ የሕፃናት ፀጉር ይሳሳል፣ ወደ ቀይ ያደላል፣ በቀላሉም ይነቀላል። ይህን ምልክት የውበት ጉዳይ አድርጎ ማለፍ ከባድ ስሕተት ነው።

ከወሊድ ወይም ከብርቱ ትኩሳት 2 ወይም 3 ወር በኋላ የሚታየው መርገፍ ግን ብዙ ሥሮች አብረው ወደ ዕረፍት በመግባታቸው የሚመጣ ነው፤ ግንደ ህዋሳቱ ስላልሞቱ ፀጉሩ ይመለሳል። ችላ የተባለ የራስ ቆረቆር ጠባሳ ጥሎ ግንደ ህዋሳቱን ካጠፋ ግን በዚያ ቦታ ፀጉር ዳግም አይበቅልም።