ሦስት መንገደኞችና አንድ ማዘርቦርድ

እስኪ ጠጋ ጠጋ በሉና ስሙኝ። ደብረ ታቦር ላይ አንድ የኮምፒውተር ጥገና ቤት ነበር እንበል። ሰዎቹን የፈጠርኳቸው እኔ ነኝ፤ ማዘርቦርዱ ግን የእውነት ነው። በላዩ ባለው ቺፕሴት ስም ኤች 81 ይሉታል። ኢንቴል ቺፕሴቱን ያወጣው እ.ኤ.አ. በ2013 ነው። ያኔም ከርካሾቹ ተርታ ነበር፤ ዛሬ ደግሞ ከቢሮ በወጡ አሮጌ ዴስክቶፖች ሆድ ውስጥ ይገኛል።

በአንድ የገበያ ቀን ሦስት መንገደኞች ከዚያ ጥገና ቤት ደጅ ተገናኙ። የሦስቱም ኮምፒውተር ቦርድ ኤች 81 ነው።

የነፋስ መውጫው ልጅ ቀደመ። ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት ሊከፍት ነው። «ጋሼ፣ ባለ 16 ጊጋባይት ራም ገዝቼ አልገባ አለኝ። ጫን ላድርገው እንዴ?»

«ኧረ እንዳትነካው!» አለ ባለሙያው። «የያዝከው ዲዲአር 4 ነው፤ ይህ ቦርድ የሚያውቀው ዲዲአር 3ን ብቻ ነው። ያኛው 1.2 ቮልት፣ ይኼኛው 1.5 ቮልት ነው የሚፈልገው። አምራቾቹ የክፍተታቸውን ቦታ ያለያዩት ሰው እንዳይሳሳት ብለው ነው። ስሎቱ ደግሞ ሁለት ነው፤ በእያንዳንዱ 8፣ በድምሩ ከ16 ጊጋባይት አያልፍም። ለማመልከቻና ለደብዳቤ 16 ምን ይሠራልሃል? ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው! ባለ 4 ሁለት ግዛና ጎን ለጎን ሰካቸው፤ ከአንድ ባለ 8 ይልቅ ጥንዱ ይፈጥናል።»

ከስማዳ፣ ከወገዳ የመጡት መምህርት ተራቸው ደረሰ። ኮምፒውተሩ ቢንቀራፈፍባቸው ስድስተኛ ትውልድ ኮር አይ 5 ፕሮሰሰር ገዝተዋል።

«እትዬ፣ ይመልሱት» አላቸው። «የዚህ ቦርድ ሶኬት 1150 ነው፤ የሚቀበለውም አራተኛውን ትውልድ ነው። ስድስተኛው 1151 ይፈልጋል። ልዩነቱ አንድ ቁጥር ቢመስልም አይገጥሙም። በግድ እሞክራለሁ ቢሉ ደግሞ እግሮቹ ያሉት ቦርዱ ላይ ነው፤ አንዷ ብትታጠፍ ቦርዱ ከጥቅም ውጭ ሊሆን ይችላል።»

«ታዲያ ፍጥነቱን ከየት ላምጣው?»

«ሃርድ ዲስኩን በኤስኤስዲ ይቀይሩት። አራት የሳታ መሰኪያ አለው፤ ሁለቱ በሴኮንድ 6 ጊጋቢት፣ ሁለቱ 3 ጊጋቢት ያሳልፋሉ። ኤስኤስዲውን ባለ 6ቱ ላይ ይሰኩት።»

ከእስቴ፣ ከመካነ ኢየሱስ የመጣው ሰው በመጨረሻ ገባ። የእህል መጋዘን ሒሳብ ይይዛል። «መብራት በጠፋ ቁጥር ቀኑን ይረሳብኛል፤ ደረሰኙ ሁሉ ተዘበራረቀ። ይህን ቦርድ ልጣለው መሰለኝ።»

ባለሙያው ሳቀ። «ቦርዱማ ደኅና ነው! ባትሪዋ ናት ያለቀችው፤ ሲአር 2032 ትባላለች፣ ባለ 3 ቮልት ናት። መብራት ሲጠፋ ሰዓቱን የምትጠብቀው እሷ ናት። እሷን ቀይርና ሂድ።»

«በዚያው ዊንዶውስ 11 ጫንልኝ።»

«እሱ እንኳ ይቅርብህ። ማይክሮሶፍት ከኢንቴል በኩል የሚደግፈው በአብዛኛው ከስምንተኛው ትውልድ ወዲህ ያለውን ነው። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍም ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። ሒሳብህን በፍላሽ ገልብጠህ አስቀምጥ፤ ከፈለግህ ሊኑክስ እጭንልሃለሁ።»

ሦስቱም ወደየአገራቸው ተመለሱ። ቦርዱን የጣለ አንድም አልነበረም።

እንግዲህ ፍርዴን ልስጥ። ለጽሕፈት፣ ለኢንተርኔትና ለሒሳብ ኤች 81 ይበቃል። ለቪዲዮ ቅንብርና ለአዳዲስ ጌሞች የምትፈልጉት ከሆነ ግን ገንዘባችሁን ያዙ። ማንኛውንም ዕቃ ከመግዛታችሁ በፊት ክዳኑን ክፈቱና ቦርዱ ላይ የታተመውን የሞዴል ስም ጻፉ፤ ሶኬቱን፣ የራሙን ዓይነትና መጠን፣ የሳታውን ፍጥነት አምራቹ ካወጣው ዝርዝር ጋር አስተያዩ። ብሩን ከዚያ በኋላ ቁጠሩ።