ሰንጢና ጩቤ፤ በቢዮ አዋሌና በድሬዳዋ አካባቢ ስለሚያዝ ስለት

ስለ ጐራዴና ስለ ጠመንጃ ብዙ ተጽፏል። ሰው ግን በየዕለቱ ከወገቡ ወይም ከኪሱ የማይለየው ትንሽ ስለት ብዙ ጸሐፊ አላገኘም። በዚህ አጭር ጥናት ልናስረዳ የምንፈልገው፣ ይህ ትንሽ ዕቃ እንዴት ከጌጥና ከጦር መሣሪያነት ወደ ነፍስ ማዳኛነት እንደ ተሻገረ ነው።

መነሻችን ቢዮ አዋሌ ነው። ቢዮ አዋሌ በድሬዳዋ አስተዳደር ውስጥ ካሉት የገጠር አካባቢዎች አንዱ ሲሆን፣ የስሙ መጀመሪያ «ቢዮ» በሶማልኛ ውሃ ማለት ነው። በዚህ አገር ስለት አዲስ ነገር አይደለም። ከድሬዳዋ በስተ ደቡብ ምዕራብ በሚገኘው በለገ ኦዳ ዋሻ የተገኙትን ጥቃቅን የድንጋይ ስለቶች ክላርክና ፕሪንስ መርምረው በ1978 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ ከፊሎቹ ሣርና ተክል የተቈረጠባቸው መሆኑን ከመፋቅ ምልክታቸው አሳይተዋል። እንዲህ ያሉት ስለቶች በእንጨት እጀታ ላይ የሚሰኩ ነበሩ። ስለትና እጀታ ሁለት ነገር መሆናቸው፣ በኋላ ለሚታጠፈው ቢላዋ መሠረት የሆነው ሐሳብ፣ በጣም የቈየ ነው ማለት ነው።

በ1847 ዓ.ም. ከዘይላ ተነሥቶ ሐረር የገባው እንግሊዛዊ ሪቻርድ በርተን፣ የሶማሌ ሰው ጦርና ጋሻ ይዞ በወገቡም ጩቤ እንደሚታጠቅ ጽፏል። የአፋሩም ጊሌ ቈልመም ያለ፣ በሁለት ወገን የተሳለ፣ በወገብ የሚታሰር ነው። የሚታጠፈው ሰንጢ ስለ ምን በወገብ አልተተካም? እኛ እንደሚመስለን ነገሩ የልብስ ጉዳይ ነው። ሽርጥ ያገለደመ ሰው ኪስ የለውም፤ ቀበቶና ሰገባ ግን አለው። የባቡሩ ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደርሶ ከተማው ሲቈረቈር፣ ሱሪና ኮት የለበሰ ሠራተኛ እየበዛ ሄደ። ኪስ ካለ ሰንጢ ይመጣል።

በአውሮፓ የሚታጠፍ ቢላዋ ሮማውያንም ያውቁት ነበር። ይሁን እንጂ ትልቅ ጉድለት ነበረበት፤ መቈለፊያ የሌለው ስለት በኃይል ሲሠሩበት በጣት ላይ ይታጠፋል። ዦዜፍ ኦፒኔል በ1890 እ.ኤ.አ. በሳቮይ የሠራው የገበሬ ቢላዋ እንኳ ስለቱን የሚቈልፈውን ቀለበት ያገኘው በ1955 ነው። ይህ ተራ ነገር ይምሰል እንጂ፣ ለነፍስ አድን ሥራ የሚታመን ሰንጢ ያለ መቈለፊያ አይታሰብም።

ጩቤ ይታያል፤ ሰንጢ ይሰወራል። በከተማ ሰንጢ ክፉ ስም ያወጣው፣ ከወንበዴና ከዱርዬ ጋራ የሚነሣው፣ በዚሁ ምክንያት ይመስለናል። ጩቤ የታጠቀ ሰው መታጠቁን ለሁሉ ያሳውቃል፤ ኪሱ ውስጥ የያዘውን ግን ማን ያውቃል? ሆኖም ፍርዱ በዕቃው ላይ መውደቁን አንቀበልም። ሐምሌ 30 ቀን 1998 ዓ.ም. በሌሊት የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ድሬዳዋን ሲመታ ከ250 በላይ ሰዎች ሞተዋል። በእንዲህ ያለ ጐርፍ የራሰ ገመድ ቋጠሮው ይጠብቃል፤ በእጅ አይፈታም። የታሰረ ከብት ወይም በገመድ የተጠላለፈ ሰው የሚድነው ገመዱ ሲቈረጥ ብቻ ነው። ጊዜውም የደቂቃ እንኳ አይደለም።

የዛሬው የነፍስ አድን ሰንጢ ከዚህ ፍላጐት ጋራ መኪናን ጨምሮ የተሠራ ነው። ባለ ሦስት ማሰሪያው የደኅንነት ቀበቶ በ1959 እ.ኤ.አ. በቮልቮ መኪና ላይ ከወጣ ወዲህ ቀበቶው ብዙ ነፍስ አድኗል፤ መኪናው ሲገለበጥ ግን አንዳንዴ ተሳፋሪውን አስሮ ያስቀራል። ከደንገጎ ወደ ድሬዳዋ የሚወርደውን ጠመዝማዛ መንገድ የሚያውቅ አንባቢ ነገሩ አይጠፋውም። ስለዚህ በሰንጢው ላይ ቀበቶ የሚበጥስ ሜንጦ መሰል ስለትና መስታወት የሚሰብር ሹል ብረት ተጨመረ። ብረቱ የጐኑን መስታወት በአንድ ምት ያደቅቀዋል፤ የፊተኛው መስታወት ግን በመካከሉ ስስ ሽፋን ስላለበት አይበገርለትም። ይህን ሳያውቁ የፊቱን መደብደብ ጊዜ መግደል ነው።

የዋናው ስለት ጫፍም ብዙ ጊዜ ደነዝ ነው፤ ከቀበቶው ሥር ያለው የሰው ሥጋ እንዳይወጋ ነው። ሜንጦው ብቻ ያለበት፣ ጫፍ የሚባል ነገር የሌለው ዐይነትም አለ። ይህን ቢላዋ ለማለት ያስቸግራል፤ ሰገባ ገብቶ በወገብ ላይ ይታሰራል፤ ማንንም መውጋት ግን አይችልም።