ማነቆ፦ የጌም ኮምፒውተር የሚገጣጥም ሰው አስቀድሞ ሊያውቀው የሚገባ ቃል

ማነቆ፦ አብረው ከሚሠሩ ክፍሎች መካከል ቀድሞ አቅሙ የሚያልቅበትና የሁሉንም ፍጥነት በራሱ ልክ የሚወስነው ክፍል።

ኮምፒውተር ገጣጣሚዎች ይህን «ቦትልኔክ» ይሉታል። የእንግሊዝኛው ትርጉም ቃል በቃል «የጠርሙስ አንገት» ነው። አማርኛ ግን «አነቀ» ከሚለው ግሥ የወጣ፣ በዜናና በስብሰባ ሲነገር የኖረ ቃል ስላለው ሌላ መፍጠር አያስፈልግም። በስብሰባ ቋንቋ ማነቆ መወገድ ያለበት ችግር ነው፤ በኮምፒውተር ግን ብልሽት አይደለም። ማነቆ የሌለው ማሽን የለም፤ አንዱን ክፍል ሲያሻሽሉ ማነቆው ወደ ሌላው ይዛወራል። ገጣጣሚው የሚመርጠው የት ላይ እንዲሆን ነው።

ከሐረር ወደ ጅግጅጋ የተጓዘ ሰው ነገሩን ያውቀዋል። በሜዳው ሲበር የመጣ መኪና ሁሉ የካራማራን ዳገት ሲጀምር ከፊቱ በሚያዘግመው ተሳቢ ፍጥነት ይሄዳል።

በጌም ላይ ሥራው በዋናነት ለሁለት ይከፈላል። ፕሮሰሰሩ የጨዋታውን እንቅስቃሴ ያሰላል፤ ግራፊክስ ካርዱ ምስሉን ይሥላል። ፕሮሰሰሩ በሰከንድ 60 ፍሬም (ምስል) ብቻ የሚያዘጋጅ ከሆነ፣ 120 መሣል የሚችል ካርድ ቢገጠምለትም የሚገኘው 60 ነው። ለካርዱ የተጨመረው ብር ሥራ ፈቶ ይቀመጣል። ሞኒተሩም ቢሆን 60 ኸርዝ ከሆነ በሰከንድ ከ60 በላይ ምስል አያሳይም።

ስለዚህ ምርጫው ከሞኒተሩ ይጀምራል። 1080ፒ የሚባለው ስክሪን 2 ሚሊዮን ገደማ ነጥቦች አሉት፤ 4ኬ ደግሞ ከ8 ሚሊዮን በላይ። ነጥቦቹ አራት እጥፍ ሲሆኑ ጫናው የሚወድቀው በካርዱ ላይ ነው፤ የፕሮሰሰሩ ሥራ ብዙም አይለወጥም። ማነቆው የት እንዳለ ለማወቅም በዚሁ መፈተን ይቻላል፤ ጌሙን ከፍተው የምስሉን የነጥብ ብዛት (ሬዞሉሽን) ዝቅ ያድርጉት። የፍሬሙ ቁጥር ከጨመረ ያነቀው ካርዱ ነበር፤ ካልጨመረ በአብዛኛው ፕሮሰሰሩ ነው።

በዋጋ ዝርዝር ላይ የማይታዩ ማነቆዎችም አሉ። አንድ ባለ 16 ጊጋባይት ራም ከመግዛት ሁለት ባለ 8 መግዛት ይሻላል፤ ሁለቱ ጎን ለጎን ስለሚሠሩ መረጃ በሰፊው ያልፋል። በ2022 የወጣው የኤኤምዲ አርኤክስ 6500 ኤክስቲ ካርድ ከማዘርቦርዱ ጋር የሚገናኘው በአራት የፒሲአይ ኤክስፕረስ መስመር ብቻ ነው። የቆየ፣ ሦስተኛ ትውልድ መስመር ያለው ማዘርቦርድ ላይ ሲገጠም መተላለፊያው በግማሽ ይጠባል፤ ያገለገለ ማዘርቦርድ የሚገዛ ሰው ይህን ማጣራት አለበት።

የአካባቢው አየርም ከሒሳብ ውስጥ ይገባል። ፕሮሰሰርም ሆነ ካርድ የሙቀት ገደቡ ላይ ሲደርስ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ ያኔ ማነቆው ሙቀት ሆነ ማለት ነው። ጅግጅጋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,600 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ አየሯ ከባሕር ዳርቻው በ15 በመቶ ገደማ የሳሳ ነው፤ ፋን የሚያንቀሳቅሰው አየር በዚያው ልክ ሙቀት የመሸከም አቅሙ ያንሳል። በሲቲ ዞን ቆላ፣ በአይሻና በደወሌ፣ ችግሩ የአየሩ ሙቀት ራሱ ነው። በሁለቱም ቦታ ከፊቱ ወንፊት የሆነ፣ አቧራ ማጣሪያው የሚወልቅና የሚጸዳ ኬዝ ፊቱ በመስታወት ከተዘጋው ይመረጣል።

ፓወር ሰፕላይ ማነቆ አይባልም፤ አቅሙ ሲያንስ ማሽኑን ያጠፋዋል እንጂ አያዘገየውም። ሆኖም በርካሽ መገዛት የሌለበት ዕቃ ነው። ከውጭ የመጡ አንዳንድ የቆዩ ፓወር ሰፕላዮች ከኋላቸው 115 እና 230 የሚል መቀየሪያ አላቸው፤ 115 ላይ እንዳለ የኢትዮጵያ 220 ቮልት ከገባበት ይቃጠላል። መብራት በሚዋዥቅበት ከተማ ስታብላይዘር ወይም ዩፒኤስ ከበጀቱ ጋር አብሮ ይታሰብ።

ከመክፈልዎ በፊት የሚገጥመውንና የማይገጥመውን ይለዩ። ዲዲአር4 ራም በዲዲአር5 ማዘርቦርድ ላይ አይገባም። እንደ ኮር አይ5 12400ኤፍ ያለ፣ በ«ኤፍ» የሚያልቅ የኢንቴል ፕሮሰሰር ያለ ግራፊክስ ካርድ ምስል አያወጣም። ከአዲስ አበባ ለጅግጅጋ የታዘዘ ዕቃ ካልገጠመ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ መመለስ አለበት፤ በድንበር ከተማዋ በቶጎጫሌ በኩል የገባ ከሆነም ቀረጥ የተከፈለበት መሆኑን የሚያሳይ ደረሰኝ ይጠይቁ።

በአብዛኛው ጌም፣ ደህና የተገጣጠመ ኮምፒውተር ማነቆው ግራፊክስ ካርዱ ላይ ያለ ነው፤ ከዕቃዎቹ ሁሉ ውድ የሚሆነው እሱ ስለሆነ በሙሉ አቅሙ ሊሠራ ይገባል። ሻጩ «ከዚህ የሚበልጥ ካርድ የለም» ሲልዎት፣ «ከየትኛው ፕሮሰሰር ጋር?» ብለው ይጠይቁት።